ከገበሩ ሥር ያለው ስም፦ የድሮ የጀርመንና የኦስትሪያ ባርኔጣዎችን ስለመሰብሰብና ስለማጥናት

(ፍራንክፈርት ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በቃል የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ጠረጴዛው ላይ የደረደርኳቸውን ባርኔጣዎች ስትገቡ አይታችኋል። አንዳንዶቻችሁ አንስታችሁ ሞክራችኋል፤ ደስ ይለኛል። አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ገልብጧቸው። ውስጣቸውን እዩ። ዛሬ የማወራው ነገር አብዛኛው ያለው እዚያ ነው።

የጀርመንና የኦስትሪያ የድሮ ባርኔጣ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ስም ይገኛል። አንዱ የፋብሪካው ነው። ሌላው ባርኔጣውን የሸጠው ሱቅ ነው። አንዳንዴ ሁለቱም ገበሩ ላይ ታትመዋል። አንዳንዴ ፋብሪካው ገበሩን ይይዝና ባለሱቁ ግንባር በሚነካው ቆዳ ላይ ስሙን በወርቅማ ቀለም ያስመታል። ስሙ፣ ከተማው፣ አልፎ አልፎም የመንገዱ ስም አለ። ገዢዎች የፋብሪካውን ስም ነው የሚፈልጉት፤ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነው። እኔ የምሟገተው ግን ለሁለተኛው ስም ነው። የታላላቆቹን ፋብሪካዎች ታሪክ ብዙዎች ጽፈውታል። ሙዚየምም ተሠርቶላቸዋል። የትንሽ ከተማ ባለሱቅ ስም ግን ከዚያች ቁራጭ ቆዳ ውጪ የያዘው ነገር ላይኖር ይችላል።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እኛ ባርኔጣ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ቦርሳሊኖ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካፖርት ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው የሚሄዱ አባቶች ራስ ላይ ያየነው እሱን ነው። ቦርሳሊኖ በ1857 ጣሊያን ውስጥ አሌሳንድሪያ በምትባል ከተማ የተመሠረተ ቤት ነው፤ ዝናው የሚገባው ነው። ከአልፕስ ተራሮች ወደ ሰሜን የነበረውን የባርኔጣ ሥራ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። በጥራት ከጣሊያን አያንስም። አንዳንዱ ሥራ እንዲያውም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ቬሉር የሚባለውን፣ ፀጉሩ ቀና ብሎ እንደ ከፋይ የሚለሰልሰውን ባርኔጣ በጣታችሁ ዳስሱት። በጥሩ የኦስትሪያና የሞራቪያ (ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ክፍል) ሥራ ላይ ፀጉሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። የተላጨ ወይም የሳሳ ቦታ አታገኙም።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል፤ አለዚያ የምትይዙት ምን እንደሆነ አይገባችሁም። ፌልት፣ ማለትም ባርኔጣው የሚሠራበት ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ፣ አይሸመንም፣ አይፈተልም። ጥሩው ፌልት የሚሠራው ከጥንቸል፣ ከዱር ጥንቸል ወይም ከቢቨር ፀጉር ነው። ከቆዳው የተቆረጠው ለስላሳው ፀጉር ይበጠራል፣ በነፋስ ይበተናል። ከዚያ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ትልቅ የመዳብ ሾጣጣ ላይ ከውስጥ በሚስብ አየር ይለጠፋል። ሙቅ ውሃ ይረጭበታል። ሾጣጣው ላይ የቀረው ስስ ነገር ከጭንቅላት በጣም ይሰፋል። በሙቅ ውሃ ደጋግሞ እየታሸ፣ እየተጨመቀ፣ እየጠበበና እየጠነከረ ይሄዳል። ከዚያ ይቀለማል፣ ሼላክ በሚባል ሙጫ ይደድራል፣ በእንጨት ቅርጽ ላይ ይወጠራል። በመጨረሻ ይፋቃል ወይም እንደ ቬሉር ፀጉሩ ይነሳል። ከበግ ሱፍ የሚሠራውም መንገዱ ተቀራራቢ ነው፤ ግን ከበድ፣ ሸከር ይላል። ገበሩ ላይ ወይም ቆዳው ላይ «ሃርፊልትስ» የሚል ካነበባችሁ ከእንስሳ ፀጉር የተሠራ ነው። «ቮልፊልትስ» ካለ የበግ ሱፍ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ክፉ ነገር ነበር። ፀጉሩ እርስ በርሱ በደንብ እንዲያያዝ በሜርኩሪ ውህድ ይታከም ነበር። ሜርኩሪ ባዜቃ የምንለው ነው። ሠራተኞቹ ለዓመታት ትነቱን ይተነፍሱ ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሳቸው ይወልቃል፣ ጠባያቸው ይለወጣል። ስለ ባርኔጣ ውበት ስናወራ ይህንን መዝለል ተገቢ አይመስለኝም። ያንን ለስላሳ ነገር የሠሩት ሰዎች በጤናቸው ከፍለውበታል። ለእናንተም ማስጠንቀቂያ አለው። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠራ ፌልት ውስጥ ዛሬም ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አየር በሚገባበት ክፍል ሥሩ፣ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፣ ልጆች እንዲጫወቱበት አትስጡ።

አሁን ወደ ከተሞቹ እንሂድ። ከቅርባችን ልጀምር። ባድ ሆምቡርግ ከዚህ ከተማ ኤስ-ባን 5 በሚባለው የከተማ ባቡር የሚደረስባት ናት። ሆምቡርግ የሚባለው ባርኔጣ፣ አናቱ መሐል ለመሐል አንድ ስርጉድ ያለው፣ ጠርዙ ዙሪያውን ወደ ላይ የተጠቀለለው፣ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ፣ በኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የሆነው፣ በ1880ዎቹ ለፀበሏ ሲመላለስ ወደደው፤ ይዞት ሄደና ዓለም ተከተለው። ከተማዋ ውስጥ ጎቲሸስ ሃውስ በሚባለው ሙዚየም የባርኔጣ ስብስብ አለ። ቅርብ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ጥሩ ስለሆነ ሂዱና እዩት። የምዕራብ ጀርመኑን የመጀመሪያ መራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወርን በፎቶ ያያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ላይ ያለው ሆምቡርግ ነው።

ኡልም ከተማ ውስጥ ሊዮንሃርድ ማይዘር በ1800 የባርኔጣ ሥራ ጀመረ። ማይዘር የሚለውን ስም በአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ላይ ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ። የባርኔጣ ሥራው በኋላ ወደ ሊንደንበርግ ተሰበሰበ። ሊንደንበርግ በአልጎይ ተራሮች ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ለረጅም ጊዜ የኖረችው የገለባ ባርኔጣ በመሥራት ነው። የጀርመን የባርኔጣ ሙዚየም በ2014 መጨረሻ የተከፈተው እዚያው፣ በአሮጌ የባርኔጣ ፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ነው። ገለባው እንዴት እንደሚታታና በማሽን እንደሚሰፋ ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ጉበን ግን ቆም ብለን የምናወራባት ከተማ ናት። በምሥራቅ ጀርመን፣ በናይሰ ወንዝ ዳር ናት። ካርል ጎትሎብ ቪልከ የሚባል ባርኔጣ ሠሪ በ1854 ዝናብ የማይበግረው የሱፍ ፌልት ባርኔጣ አወጣ። ከዚያ በፊት ርካሽ የሱፍ ባርኔጣ ዝናብ ሲመታው ቅርጹ ይበላሽ ነበር። ይህች አንድ መሻሻል ከተማዋን ቀየረቻት። ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ ተተከለ። «የጉበን ባርኔጣ፣ በጥራቱ በዓለም የታወቀ» የሚለው ማስታወቂያ ራሱ ታዋቂ ሆነ። በ1888 የተመሠረተው የበርሊን-ጉበን ባርኔጣ ፋብሪካ ከትልልቆቹ አንዱ ነበር። የሚመራው ሌቪን በሚባል አይሁዳዊ ቤተሰብ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ፋብሪካው ከእጃቸው ወጣ። በ1945 ደግሞ ወንዙ የድንበር መስመር ሆነ፤ የከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል ጉቢን ተብሎ ወደ ፖላንድ ሄደ። ምሥራቅ ጀርመን የቀሩትን ፋብሪካዎች የመንግሥት አደረጋቸው። ከዚያ በኋላ የወጡት ባርኔጣዎች ውስጥ «ፋው ኤ ቤ» (VEB) የሚሉ ሦስት ፊደሎች ታያላችሁ፤ የሕዝብ ንብረት የሆነ ድርጅት ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት። ገበሩ ላይ ጉበን የሚል ሦስት ባርኔጣ ጎን ለጎን ስታስቀምጡ፣ አንዱ በአይሁዳዊው ቤተሰብ ዘመን፣ አንዱ በናዚ ዘመን፣ አንዱ በሶሻሊስቱ መንግሥት ዘመን የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታዩ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። የሚለያያቸው ውስጣቸው ነው።

የኦስትሪያው ወገን ደግሞ ሌላ ውስብስብነት አለው፤ ምክንያቱም የድሮዋ ኦስትሪያ ከዛሬዋ በብዙ እጥፍ ትሰፋ ነበር። ከታላላቆቹ የግዛቱ ባርኔጣ ፋብሪካዎች አንዱ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ነው ያለው። ኖይቲትሻይን ትባል ነበር፣ በሞራቪያ። የሁከል ቤተሰብ ሥራ መነሻው 1799 ነው። «ዮት ሁከልስ ዞነ»፣ ማለትም የዮሐን ሁከል ልጆች፣ የሚለው አርማ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሚከበሩት አንዱ ነው። ከ1945 በኋላ ፋብሪካው ተወረሰ። ጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ ከአገሩ ተባረረ። ከተማዋ ኖቪ ዪቺን በሚለው የቼክ ስሟ ብቻ ቀረች። ሥራው ግን አልቆመም። ከሌሎች የከተማዋ ፋብሪካዎች ጋር ተዋህዶ ቶናክ የሚባል ድርጅት ሆነ፤ እስከ ቅርብ ዓመታትም በብዙ አገር ላሉ ባርኔጣ ሠሪዎች ጥሬ ፌልት ሲያቀርብ ኖሯል። የሁከሎቹ ቪላዎች ዛሬም ከተማዋ ውስጥ ቆመው ይታያሉ።

ቪየና ላይ ያለው ትልቁ ስም ሃቢግ ነው። ፔተር ሃቢግ ሥራውን በ1862 ጀመረ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት አቅራቢ እስከመሆን ደረሰ። ቪድነር ሃውፕትሽትራሰ ቁጥር 15 ላይ ያለው የሃቢግ ሕንፃ እስካሁን አለ። ቪየና ለዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ካርልስፕላትስ ወርዳችሁ ጥቂት ብትራመዱ ታገኙታላችሁ። ሚውልባወር የሚባለው ቤት ደግሞ በ1903 በከተማዋ ዳርቻ ፍሎሪድስዶርፍ ተጀምሮ አሁንም ባርኔጣ ይሠራል። የግራትስ ከተማውን ባርኔጣ ሠሪ የአንቶን ፒሽለርን ስም በገበሩ የያዘ ቬሉር ካገኛችሁ ዋጋውን ከመከራከራችሁ በፊት ያዙት።

የተራራውን ባርኔጣ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነውና። አረንጓዴው፣ ገመድ የተጠመጠመበት፣ ላባ ወይም የፀጉር ቁንዶ የተሰካበት። ቁንዶው ጋምስባርት ይባላል። ስሙ ጢም ይላል እንጂ የሚሠራው ጋምስ ከሚባለው የተራራ አውሬ የጀርባ ፀጉር ነው፤ በክረምት፣ ፀጉሩ ሲረዝም። በጥሩ ጋምስባርት ላይ የእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ውርጭ የነካው ይመስል ነጣ ይላል። አንድ ጥሩ ቁንዶ ከባርኔጣው ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ስለሚችል ለብቻው ይሸጣል፣ ለብቻውም ይጠበቃል። ይህ የገበሬና የአዳኝ ልብስ ወደ ላይኛው መደብ የወጣው በከፊል በኦስትሪያው ልዑል በአርክዱክ ዮሐን ምክንያት ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሽታየርማርክ የሚባለውን የኦስትሪያ ክፍለ አገር ግራጫና አረንጓዴ ልብስ ይለብስ ነበር። በኋላም አፄ ፍራንስ ዮሴፍ ባድ ኢሽል ላይ ሲያድን የሚለብሰው ይኸው ነበር። ንጉሡ ከለበሰው ደግሞ የቪየና ሹማምንት ሁሉ ይከተላል። አንዳንድ ሰብሳቢዎች የቱሪስት ፒን የሞላባቸውን አረንጓዴ ባርኔጣዎች ይንቃሉ። እኔ አልንቅም። አንድ የባቡር ሠራተኛ በየበጋው የወጣውን ተራራ በየፒኑ መዝግቦ ትቶልን ሲሄድ፣ ያ ባርኔጣ ማስታወሻ ደብተሩ ነው።

አሁን ወደ ምርምሩ እንግባ። ባርኔጣ በእጃችሁ ገባ። ዕድሜው ስንት ነው?

ቅርጹን ማየት ይረዳል፤ ግን ያታልላል። የሆምቡርግ ቅርጽ ለብዙ አሥርት ዓመታት ብዙም ሳይለወጥ ተሠርቷል። ጽሑፉ የበለጠ ይናገራል። «ካ ኡንድ ካ ሆፍሊፈራንት» የሚል ካለ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት አቅራቢ ማለት ነው፤ ግዛቱ የፈረሰው በኅዳር 1918 ነው። ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ቤቶች ንጉሡ ከወረደ በኋላም ማዕረጉን ይዘው ቆይተዋል፣ የግዛቱ አርማ የሆነውን ንስርም ማተም አላቆሙም። ስለዚህ ማዕረጉ ብቻውን ባርኔጣው ከ1918 በፊት ነው አያሰኝም። ሜዳሊያም እንዲሁ ነው። «ቪየና 1873» የሚል የዓለም ኤግዚቢሽን ሜዳሊያ ገበሩ ላይ ካያችሁ፣ ባርኔጣው ከ1873 በፊት አልተሠራም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሃምሳ ዓመት ቆይቶም ሊሆን ይችላል። ሻጮች ይህንን ገልብጠው ይናገራሉ፤ የሜዳሊያውን ዓመት የባርኔጣው የልደት ዓመት ያደርጉታል። አትቀበሏቸው።

«ዴ ኤር ጌ ኤም» (DRGM) የሚሉት አራት ፊደሎች በብዛት ይገኛሉ። አነስተኛ የፈጠራ ጥበቃ ምዝገባ ነው። ሕጉ የወጣው በ1891 ነው፤ ስለዚህ ፊደሎቹ ያሉበት ዕቃ ከዚያ አይቀድምም። «ዴ ኤር ፔ» (DRP) የሙሉ ፓተንት ምልክት ነው፣ ከ1877 ጀምሮ። ሁለቱም የጀርመን ራይኽ (እስከ 1945 የነበረው የጀርመን መንግሥት) ምልክቶች ስለሆኑ ከጦርነቱ በኋላ ቦታቸውን ለሌላ ለቀዋል። ከቆዳው ሥር የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ካለች ዋጋ ተጽፎባት እንደሆነ እዩ። ኦስትሪያ ከክሮነ ወደ ሺሊንግ የገባችው በ1925 ነው። ራይኽስማርክ የሚባለው የጀርመን ገንዘብ ከ1924 እስከ 1948 ነበር። የኦስትሪያ ባርኔጣ ዋጋው በራይኽስማርክ ከተጻፈ የምትይዙት ኦስትሪያ በሂትለር ጀርመን ከተጠቀለለችበት ከ1938 በኋላ የተሸጠ ዕቃ ነው።

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው የከተማ ስም ነው። ከተሞች በዚህ የዓለም ክፍል ስማቸውን ሲቀያይሩ ኖረዋል፤ ባርኔጣው ደግሞ የዕለቱን ስም ይዞ ይቀራል። ኮሎኝ በ«ሴ» (C) ከተጻፈች እስከ 1919 ገደማ ያለ ነው፤ ከዚያ በ«ካ» (K) ሆነ። ካስል ከተማም በ1926 ከ«ሴ» ወደ «ካ» ዞረች። «ካርል-ማርክስ-ሽታት» የሚል ካያችሁ የዛሬዋ ኬምኒትስ ከተማ ናት፣ ከ1953 እስከ 1990 ባለው ጊዜ። ጉበን ራሷ ከ1961 እስከ 1990 «ቪልሄልም-ፒክ-ሽታት ጉበን» ነበረች፤ የምሥራቅ ጀርመን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እዚያ ስለተወለደ። ብሬስላው የሚል የሱቅ ስም ካያችሁ ዛሬ የፖላንዷ ቭሮትስዋፍ ናት። ሌምበርግ የዛሬዋ የዩክሬን ልቪቭ ናት። የፖስታ ቁጥርም ይረዳል። ምዕራብ ጀርመን ባለአራት አኃዝ ቁጥር ያስገባችው በ1961 ነው፤ ኦስትሪያ በ1966። ባለአምስት አኃዙ የጀርመን ቁጥር ከ1993 ወዲህ ነው፤ እሱን ካያችሁ አሮጌ የሚባለው ወሬ እዚያው ላይ አለቀ።

የፊደሉ ዓይነት ያስቸግራችኋል። አንዳንዱ ገበር የታተመው ፍራክቱር በሚባለው በተሰባበረው የጀርመን ጽሕፈት ነው። ረጅሙ «ኤስ» «ኤፍ» ይመስላል። «ካ» እና «ቴ» ይምታታሉ። የባለሱቁን ስም ስትፈልጉ ሁለት ሦስት አነባበብ ይዛችሁ ፈልጉ።

ስሙን ካነበባችሁ በኋላ የት ትሄዳላችሁ? ቪየና ከሆነ ለማን የሚባል የአድራሻ መጽሐፍ አለ። ከ1859 እስከ 1942 ወጥቷል። የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ሙሉውን በነፃ በኢንተርኔት አስቀምጦታል። ነዋሪዎች በስም፣ ነጋዴዎች በሙያ ተደርድረዋል። ባርኔጣ ሠሪዎች የሚለውን ክፍል ከፍታችሁ በየዓመቱ እየተከታተላችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ሱቁ መቼ ተከፈተ፣ መቼ ወደ ሌላ መንገድ ተዛወረ፣ ልጁ መቼ ተረከበ፣ ሚስቱ ባሏ ከሞተ በኋላ በስሟ መቼ ቀጠለች፤ ሁሉም ይታያል። የኦስትሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ አኖ በሚባለው ክፍሉ የድሮ ጋዜጦችን በነፃ ያስነብባል፤ የባርኔጣ ማስታወቂያ ሞልቶበታል። በጀርመንም ብዙ ከተሞች የድሮ የአድራሻ መጽሐፎቻቸውን በዲጂታል አውጥተዋል። አርማ ካላችሁና ስም ከሌላችሁ፣ የራይኽ ፓተንት ቢሮ ከ1894 ጀምሮ ያሳተመው የንግድ ምልክቶች ጋዜጣ አለ። አሰልቺ ነው። ገጽ በገጽ መግለጥ ይጠይቃል። ግን ያ አርማ ሲገኝ የሚሰማ ደስታ ሌላ ነው።

አሁን ከባዱን ነገር ላንሳ።

የቪየናን ባለሱቅ በለማን ስትከታተሉ 1938 ላይ ትደርሳላችሁ። በመጋቢት ሂትለር ገባ። በኅዳር የአይሁድ ሱቆች መስኮት ተሰበረ፣ ምኩራቦች ተቃጠሉ። የ1939ኙን መጽሐፍ ስትከፍቱ ስሙ የለም። ወይም አድራሻው እዚያው አለ፣ ሱቁም የባርኔጣ ሱቅ ነው፣ የባለቤቱ ስም ግን ሌላ ነው። በጀርመን ይኸው ነገር ከ1933 ጀምሮ ቀስ በቀስ ሲካሄድ ነበር። ባርኔጣ በእነዚህ ሁለት አገሮች ብዙ አይሁዳውያን የሠሩበት፣ የነገዱበትና ያስመጡበት ሙያ ነበር። ስለዚህ ይህ ለሰብሳቢ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ደጋግሞ ያጋጥማል።

ያኔ ሥራው ይለወጣል። ስሙን ይዛችሁ ወደ ሌላ መዝገብ ትሄዳላችሁ። ቪየና ውስጥ የኦስትሪያ ተቃውሞ ሰነዶች ማዕከል የሰለባዎች የስም ዝርዝር አለው። የጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት የመታሰቢያ መዝገብ አለው። ባድ አሮልሰን ያለው የአሮልሰን ቤተ መዛግብት ሚሊዮኖች ሰነዶችን በኢንተርኔት ከፍቷል። ኢየሩሳሌም ያለው ያድ ቫሼምም የስም መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ እስራኤል ያሉ አማርኛ አንባቢ ወገኖቻችን ይህንን ቦታ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እዚያ ዘመዶች በእጃቸው የሞሏቸው የምስክርነት ገጾች አሉ። ሙያ በሚለው ቦታ ላይ «ባርኔጣ ሠሪ» ተብሎ ሲጻፍ፣ በእጃችሁ ያለው ቆዳ ላይ ያለው ስም ሰው ይሆናል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አጥብቄ ነው የምናገረው። ስሙ ከመጽሐፉ ጠፋ ማለት ሁልጊዜ ተባረረ ወይም ተገደለ ማለት አይደለም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ሱቅ በኪሳራ ተዘግቷል። ሰዎች በተፈጥሮ ይሞታሉ። ከተሞች በቦምብ ወድመዋል። ደግሞም ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አንድ ስም በሰለባ ዝርዝር ውስጥ ስላገኛችሁ ብቻ ባለሱቁ እሱ ነው አትበሉ። አድራሻው መግጠም አለበት፣ ወይም ሙያው፣ ወይም የልደት ዓመቱ። ቢያንስ ሁለት ነገር እስኪገጥም ስለ ሰው ቤተሰብ አትጻፉ። በሌላው ሰው ሐዘን ላይ በግምት መጻፍ ነውር ነው።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ስዋስቲካ የሚባለው የናዚ ምልክት ያለባቸውን የወታደርና የፓርቲ ቆቦች ስለመሰብሰብ ይጠይቁኛል። አልሰበስብም። ጀርመን ውስጥ እነዚያን ምልክቶች በአደባባይ ማሳየት በሕግ ያስቀጣል፤ ገበያውም በአስመሳይ ዕቃ የተሞላ ነው። ከዚያ በላይ ግን፣ የተዘረፈው ሰው ባርኔጣ ባለበት መደርደሪያ ላይ የዘራፊውን ቆብ ማስቀመጥ አልፈልግም።

ለመግዛት ስትወጡ ምን ታያላችሁ? እዚህ ፍራንክፈርት ቅዳሜ ቅዳሜ በማይን ወንዝ ዳር የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ። ቪየና ናሽማርክት አጠገብም ቅዳሜ ነው። ጠዋት ሂዱ። መጀመሪያ ባርኔጣውን ወደ ብርሃን ያዙት፤ ብል የበላው ከሆነ ብርሃን በቀዳዳው ያልፋል። የውስጡን ቆዳ በጣት ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ሞክሩ። የደረቀ ቆዳ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ስሙም አብሮ ይሄዳል። ልኩ ብዙ ጊዜ በሴንቲሜትር ነው፤ 55፣ 57፣ 59 የሚል ቁጥር የጭንቅላት ዙሪያ ነው። አናቱ ላይ ቀጭን ገመድና በጫፉ ትንሽ ቁልፍ ካለ አትቁረጡት። ነፋስ እንዳይወስደው ከኮት ጋር ማያያዣ ነው፤ ብዙ ሰው ትርፍ ክር መስሎት ይጥለዋል።

የሚያናድደኝ ነገር አለ። አንዳንድ ሻጮች ባርኔጣው «ንጹሕ» እንዲመስል የቆሸሸውን ገበር ገንጥለው ይጥላሉ። አንዳንድ ገዢዎች ደግሞ ሊለብሱት ስለሚፈልጉ አሮጌውን ቆዳ አስቀይረው አዲስ ያሰፋሉ። እባካችሁ፣ ማስቀየር ካለባችሁ አሮጌውን ጠብቁት። በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ከየትኛው ባርኔጣ እንደወጣ ጽፋችሁ አስቀምጡት። ላብ ያቆሸሸው ገበር ላይ ያለው ጽሑፍ ከባርኔጣው ይበልጣል።

ቤት ሲገባ ሥራው ቀላል ነው። ባርኔጣውን በፕላስቲክ አሽጋችሁ ለሁለት ሳምንት ያህል ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ፣ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቆዩት፤ ብሉ ከነእንቁላሉ ይሞታል። ስታወጡት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ፕላስቲኩን አትክፈቱ፤ አለዚያ እርጥበት ይይዘዋል። በለስላሳ ብሩሽ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ጥረጉት። ቬሉር ላይ ውሃ አታፍስሱ። ስታስቀምጡት በጠርዙ አታስተኙት፤ ጠርዙ ክብደቱን ተሸክሞ ይጣመማል። አናቱን ወደ ታች ገልብጡት፣ ወይም አሲድ የሌለው ወረቀት ሞልታችሁ ሳጥን ውስጥ አድርጉት። ፀሐይ አይንካው።

ከሁሉም በላይ ግን መዝግቡ። የገበሩን፣ የቆዳውን፣ ከቆዳው ሥር ያለችውን ወረቀት ፎቶ አንሱ። ከማን፣ የት፣ መቼ እንደገዛችሁ ጻፉ። ሻጩ «የአያቴ ነበር» ካለ የአያቱን ከተማና ሥራ ጠይቁ። በዚህ አገር ጎረቤቶቻችሁ የሆኑ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች አሉ። ጣሪያ ሥር ባለው ክፍላቸው የአባታቸውን ባርኔጣ በሳጥን ያስቀመጡ ብዙ ናቸው። ቡና ጠጡ በሏቸውና ጠይቋቸው። የትኛው ሱቅ እንደገዙት፣ ለየትኛው ቀን እንደገዙት ሲነግሯችሁ በየትም መዝገብ የሌለ ነገር ትሰማላችሁ።

ከመጨረሻዎቹ ወንበሮች የመጣ ጥያቄ ነበር። ሰብሳቢው ሲሞት ባርኔጣዎቹ ወዴት ይሄዳሉ የሚል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሊንደንበርግ፣ ባድ ሆምቡርግ፣ ጉበንና ኖቪ ዪቺን ያሉት ሙዚየሞች ሁሉንም ባርኔጣ መቀበል አይችሉም፤ መጋዘናቸው ውስን ነው። የራሳቸውን ከተማ ፋብሪካ ሥራ ከነታሪኩ ስታቀርቡላቸው ግን ያዳምጣሉ። የትንሽ ከተማ ባለሱቅ ስም ያለበት ከሆነ ደግሞ የዚያችን ከተማ ቤተ መዛግብት ጻፉላቸው። ባርኔጣውን ባይወስዱት እንኳ ፎቶውንና ያገኛችሁትን መረጃ መዝገባቸው ውስጥ ሊያስገቡት ይችላሉ። ስሙን፣ አድራሻውንና ዓመቱን በግልጽ ጻፉ፣ እርግጠኛ የሆናችሁበትንና የገመታችሁትን ለዩ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ከቦነስ አይረስ ወይም ከቴል አቪቭ ቤተ መዛግብቱን ሲጠይቅ፣ ሠራተኛው የሚያወጣለት አንድ ወረቀት ይኖራል።